ስለ አንድ የጠፋ መጽሐፍና ስለ ኮምፒዩተር መንገድ



በዚህ በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው መጽሔታችን ላይ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ስለ ማጎ ፓርክ፥ ስለ ኦሞ ወንዝ፥ ወይም ስለ ትምህርት ጥቅም እንደሚጽፉ ዐውቃለሁ። እኔ ግን የምጽፈው ባለፈው ዓመት፥ ማለት በ2017 ዓ.ም. በሰኔ ወር፥ በትምህርት ቤታችን የኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ ስለ ደረሰብኝ ነገር ነው። ነገሩ ለአንዳንዶች ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ ለእኔ ግን ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር።

የተነሣው ከአንድ የታሪክ ማጣቀሻ መጽሐፍ ነው። ከሐመር ወረዳ መጥቶ፥ እዚህ ጂንካ ቤት ተከራይቶ ከእኛ ጋር የሚማር አንድ የክፍላችን ልጅ፥ የዓመቱን ክሊራንስ ሊያስፈርም ወደ ቤተ መጻሕፍት በሄደ ጊዜ «የመጽሐፍ ዕዳ አለብህ» ተባለ። እርሱም መልሻለሁ አለ። ደብተሩ ሲገለጥ ግን በስሙ ትይዩ ያለው የመመለሻ ቦታ ባዶ ሆኖ ተገኘ። ክሊራንስ ካልተፈረመ ካርድ አይሰጥም፤ ዓመት ሙሉ ተምሮ ያለ ካርድ ወደ አባቱ ቤት መግባት ደግሞ ለእርሱ ትልቅ ኀፍረት ነው። ዋጋውን ይክፈል ቢባል እንኳ፥ ገንዘቡ የሚገኘው ከቤቱ አንዲት ፍየል ተነድታ በዲመካ ገበያ ስትሸጥ ነው። ይኸን ሁሉ ሲያጫውተኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፥ «መልሼዋለሁ፤ ግን ማን ያምነኛል?» አለኝ። እኔም ሳላስብ፥ «ግድ የለህም፥ ኮምፒዩተሩ ያውቃል» አልሁት።

እንዲህ ያልሁት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ11ኛ ክፍል የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ስለ ዳታቤዝ የሚናገር ምዕራፍ አለ። መምህራችን ምዕራፉን በቃል ብቻ ከማስጠናት ይልቅ፥ ሦስት ተማሪዎችን መርጠው የቤተ መጻሕፍቱን የውሰት ደብተሮች ወደ ኮምፒዩተር እንድንገለብጥ አዘዙን። ደብተሮቹ ስምንት ናቸው፤ ለየክፍል ደረጃው የተለያዩ ሲሆኑ፥ አንዳንዶቹ ጠርዛቸው ተበልቶ ገጻቸው ተገንጥሏል። እኛም የመጽሐፉን ቍጥር፥ የተበዳሪውን ስም፥ ክፍሉን፥ የወሰደበትንና የመለሰበትን ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ እየቈየን፥ ከአንድ ወር በላይ ፈጅተን አስገባን። ቀኑን ስንጽፍ አስቀድመን ዓመቱን፥ ቀጥለን ወሩን፥ በመጨረሻም ዕለቱን እናስቀምጥ ነበር፤ ምክንያቱም ፕሮግራሙ የሚያውቀው የፈረንጆቹን አቈጣጠር እንጂ ባለ ዐሥራ ሦስት ወሩን የእኛን ስላልሆነ፥ በዚህ ዐይነት ካልተጻፈ ቀኖቹን በየተራቸው መደርደር አይቻልም። ይኸን ዘዴ ያገኘሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ትንሽ ኵራት ይሰማኝ ነበር።

ፕሮግራሙ ኤስኪውላይት ይባላል። ሪቻርድ ሂፕ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ሲሆን፥ ሐሳቡ የመጣለት ለጦር መርከብ በሚሆን የኮምፒዩተር ሥራ ላይ ሳለ ነው ይባላል። ሌሎቹ ትልልቅ የዳታቤዝ ፕሮግራሞች፥ እነ ማይኤስኪውኤልና ፖስትግሬስ፥ ሰርቨር የሚባል ዘወትር ነቅቶ የሚጠብቅ አገልጋይ ይፈልጋሉ። ይኸኛው ግን ምንም አገልጋይ አይሻም፤ መዝገቡ በሙሉ በአንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። በየኪሳችን በያዝነው ስልክ ውስጥ ሳይቀር አለ። መምህራችን ከኢንተርኔት ቤት በፍላሽ ይዘውት መጥተው፥ በሲ ድራይቭ ላይ «ዳታቤዝ» የሚል ፎልደር ከፍተው አስቀመጡት። ሥዕል፥ ቍልፍ፥ ጌጥ የለውም፤ ጥቁር መስኮት ተከፍቶ ትእዛዙ በፊደል ይጻፍበታል።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል ገባሁ። ልጁ ወደ ሀገሩ ሊሄድ ያሰበው ሐሙስ ነበር፤ ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ስለሆነ መኪና እንደ ልብ ይገኛል። መምህራችን በዚያ ዕለት ማለዳ ለሥራ ወደ አርባ ምንጭ ሄደው ነበርና ብቻዬን ነበርሁ። ጥቁሩን መስኮት ከፍቼ የፕሮግራሙን ስም ጻፍሁ። መልሱ በእንግሊዝኛ መጣ፤ ትርጕሙም «ይህ ስም የእኔ የውስጥም የውጭም ትእዛዝ አይደለም፤ የሚሠራ ፕሮግራምም አይደለም» የሚል ነበር። የፊደል ስሕተት ሠርቼ ይሆናል ብዬ ደግሜ ጻፍሁ። ያው ነው። ሦስተኛ ጊዜ በትልልቅ ፊደል ጻፍሁ። ያው ነው። አንድ ወር የለፋሁበት ነገር ሁሉ ተሰርዟል ብዬ እጄ ተንቀጠቀጠ። ወደ መምህራችን ብደውል፥ በመንገድ ላይ ስለ ነበሩ ስልካቸው አልሠራም።

በማግሥቱ ማክሰኞ፥ አንድ ከእኔ ከፍ ያለ ተማሪ «ይኸማ ቀላል ነው፤ የፓዝ ችግር ነው» ብሎ በወረቀት ላይ አንድ መስመር ጽፎ ሰጠኝ። ሴትኤክስ በሚባል ትእዛዝ የሚጀምር መስመር ነው። መስኮቱን በአስተዳዳሪነት ከፍቼ እንዳለ ገለበጥሁት። ሁለት መልስ አወጣ፤ የመጀመሪያው ማስጠንቀቂያ ነበር፥ ሁለተኛው ደግሞ «ተሳክቷል» የሚል ነበር። እኔ ያነበብሁት ሁለተኛውን ብቻ ነው። ደስ ብሎኝ ሌላ አዲስ መስኮት ከፍቼ ብሞክር፥ ኤስኪውላይት አሁንም የለም። ይባስ ብሎም መምህራችን ፕሮግራም አጻጻፍ የሚያስተምሩበት ፓይተን፥ እስከዚያች ሰዓት ደኅና ሲሠራ የነበረው፥ እርሱም «አላውቀውም» ተባለ! አንድ የጠፋ ነገር ልፈልግ ሄጄ ሁለተኛ አጠፋሁ።

ያን ጊዜ ስልኩ ተገኘልኝ። መምህራችን ታሪኬን እስከ መጨረሻው ሰምተው አልተቈጡም። መጀመሪያ የጠየቁኝ ነገር ግን ያልጠበቅሁት ነው።

«ያን ትእዛዝ የጻፍሽበትን መስኮት ዘግተሽዋል?»

«አልዘጋሁትም ቲቸር፤ እዚሁ አለ።»

«እንዳትነኪው! መብራት አለ?»

«አለ።»

«ሳይጠፋ ቶሎ በይ። በእርሱ ላይ ፓዝ የሚለውን ቃል ብቻ ጻፊና አስገቢ። የሚያወጣውን ሁሉ ኮፒ አድርገሽ ኖትፓድ ላይ አስቀምጪ፤ ከዚያ ፍላሽሽ ላይ ሴቭ አድርጊው።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። በመስኮቱ ላይ ዐይን የሚያሳክክ ረጅም የፎልደር ስም ዝርዝር ወጣ፤ በእያንዳንዱ መካከል የእንግሊዝኛው ነጥብና ሰረዝ አለበት። ፍላሹን ከነቀልሁ በኋላ ሩብ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ መብራት ጠፋ። የእኛ ኮምፒዩተሮች ባትሪ የላቸውም፤ ያ መስኮትም ከነዝርዝሩ ሄደ። በሩብ ሰዓት ብዘገይ ኖሮ፥ ዝርዝሩን ከየት እንደምናመጣው አላውቅም።

ማታ ቤት ገብቼ መምህራችን በስልክ ያስረዱኝን ስመላለስበት፥ ነገሩ የገባኝ በእናቴ ሥራ መስሎ ነው። እናቴ ቅቤና ማር ትነግዳለች። ሰኞ የቱርሚ፥ ማክሰኞ የአልዱባ፥ ሐሙስ የቀይ አፈር፥ ቅዳሜ የጂንካ ገበያ ነው። አሁን አንድ ሰው «ጥቁር በሬ ፈልገህ አምጣ» ተብሎ ቢላክና በእጁ «ቱርሚ፤ ቀይ አፈር፤ ጂንካ» የሚል ወረቀት ቢሰጠው፥ ሰውዬውም ከወረቀቱ ሌላ ምንም የማያውቅ እንግዳ ቢሆን፥ በተጻፈለት ተራ ይሄዳል። በመጀመሪያው ገበያ ካገኘው ወደ ሌላው አይሄድም፤ ያገኘው በሬ የፈለግነው ባይሆን እንኳ ስሙ ከገጠመለት ይዞት ይመጣል። በሬው ያለው አልዱባ ከሆነ ግን፥ ሦስቱንም ዞሮ «እንዲህ ያለ በሬ የለም» ብሎ ይመለሳል። በሬው አልሞተም፤ አልተሰረቀምም። አልዱባ በወረቀቱ ላይ አልተጻፈችም።

ትእዛዛችንን የሚቀበለው ፕሮግራም ሼል ይባላል፤ ቅርፊት ማለት ነው፤ የኮምፒዩተሩን ዋና አስተዳዳሪ እንደ ፍሬ ቈጥረው፥ ይኸን በውጭ ሆኖ ከሰው ጋር የሚነጋገረውን ቅርፊት አሉት። የዩኒክስ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ በእነ ኬን ቶምሰንና በእነ ዴኒስ ሪቺ የተጀመረ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1979 በወጣው ሰባተኛ እትም ላይ ስቲቨን ቦርን በጻፈው ሼል ውስጥ ይህ የመፈለጊያ ዝርዝር ፓዝ በሚል ስም ይገኛል። እንግዲህ ጂንካ ላይ ያስለቀሰኝ ነገር በእናቴ ዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው። በዊንዶውስ የፎልደሮቹ ስም በነጥብና ሰረዝ ይለያያል፤ በዩኒክስና በልጅ ልጆቹ፥ እንደ ኡቡንቱ ባሉት፥ በሁለት ነጥብ።

ታዲያ አንድ ወር ሙሉ እንዴት ሠራልን? ይኸም ምክንያት አለው። መምህራችን ሁልጊዜ መስኮቱን የሚከፍቱት ከዚያው «ዳታቤዝ» ከሚባለው ፎልደር ውስጥ ነበር፤ የዊንዶውሱ ጥቁር መስኮት ደግሞ ወረቀቱን ከማየቱ በፊት በቆመበት ስፍራ ዙሪያውን ይመለከታል። ስለዚህ በሬው በእግሩ ሥር ነበር። እኔ ግን ሰኞ ዕለት ከሌላ ቦታ ከፈትሁት። ኡቡንቱ እንዲህ እንኳ አያደርግም፤ ሰው ክፉ ፕሮግራም በደኅና ስም አስመስሎ በቆምህበት ፎልደር ውስጥ ሊያኖርብህ ይችላል በማለት፥ በዝርዝሩ ላይ ካልተጻፈ በስተቀር የቆመበትን ስፍራ አይፈልግም። ጥንቃቄው ደስ ብሎኛል።

ከወረቀት የገለበጥሁት ትእዛዝ ያደረሰው ጥፋትም ተገለጠልኝ። ትእዛዙ ነባሩን ዝርዝር ወስዶ፥ በጫፉ አዲሱን ጨምሮ፥ መልሶ ይጽፋል፤ ነገር ግን ከ1,024 ፊደል በላይ የሆነውን ይቈርጣል። ያላነበብሁት ማስጠንቀቂያ የሚለው ይኸንኑ ነበር። የእኛ ዝርዝር ረጅም ስለ ነበረ ጫፉ ተቈረጠ፤ በጫፉ ላይ ፓይተን ነበረ፤ አዲሱም የተጨመረው በጫፉ ስለ ነበረ አብሮ ተቈረጠ። የድሮው መስኮት ያዳነን ደግሞ፥ እያንዳንዱ መስኮት ሲከፈት የዝርዝሩን ግልባጭ ይዞ ስለሚነሣና ከዚያ በኋላ የሚደረገው ለውጥ ስለማይደርሰው ነው። ማለዳ ከቤቱ የወጣ መንገደኛ ከሰዓት በኋላ የተነገረውን ዐዋጅ እንደማይሰማ ማለት ነው። አዲስ ስፍራ ጨምረን መስኮቱን ሳንዘጋ ብንሞክር «አሁንም አልሠራም» የምንለውም ስለዚህ ነው።

ረቡዕ ጠዋት መብራት መጣ። መምህራችን እየነገሩኝ፥ «ኢንቫይሮመንት ቫሪያብልስ» የሚለውን ሣጥን ከፍቼ፥ ከፍላሹ ላይ ያለውን አሮጌ ዝርዝር እንዳለ መለስሁት። ቀጥዬ ኒው የሚለውን ተጭኜ የ«ዳታቤዝ» ፎልደርን አድራሻ በአንድ መስመር ጨመርሁ። የሚጻፈው ፎልደሩ እንጂ ፕሮግራሙ ራሱ አይደለም፤ በመጀመሪያ እኔ የፕሮግራሙን ስም ጭምር ጽፌ ነበርና መምህራችን አርመውኛል። ማይኤስኪውኤልም ሆነ ፖስትግሬስ ሲተከል በሽታውም መድኃኒቱም ያው ነው፤ ፕሮግራሞቻቸው «ቢን» በሚባል ፎልደር ውስጥ ስለሚቀመጡ፥ የሚጨመረው የዚያ ፎልደር አድራሻ ነው። በኡቡንቱ ደግሞ በሣጥን ፈንታ፥ ሼሉ ሲነሣ በሚያነበው ፋይል መጨረሻ አንድ መስመር ይጻፋል። ከዚያም የተከፈተውን ሁሉ ዘግቼ አዲስ መስኮት ከፈትሁ። ፓይተን መለሰ። ኤስኪውላይትም መለሰ። እልል ማለት ቃጥቶኝ ነበር።

የሆነ ሆኖ መከራዬ አላለቀም። የመዝገባችንን ፋይል ስም ጽፌ ከፈትሁና በውስጡ ያሉትን ሠንጠረዦች አሳየኝ ብለው፥ ምንም አላወጣም። የብድሩን ሠንጠረዥ በስሙ ብጠራው «እንዲህ ያለ ሠንጠረዥ የለም» አለኝ። ፕሮግራሙ ተገኝቶ መዝገቡ ጠፋ! ልጁ ያን ጊዜ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። አንድም ቃል አልተናገረም፤ እኔም ዞሬ ፊቱን ማየት አልደፈርሁም።

መምህራችን ግን በስልክ ሳቁ። «አሁንስ የቆምሽው የት ነው?» አሉኝ። ለካ ፓዝ የሚያገለግለው ፕሮግራምን ለመፈለግ ብቻ ነው፤ የምንሰጠውን ፋይል ግን ፕሮግራሙ የሚፈልገው በቆምንበት ፎልደር ውስጥ ነው። ኤስኪውላይት ደግሞ በዚያ ስም የተጠራ ፋይል ካላገኘ «የለም» ብሎ አይነግርም፤ ዝም ብሎ በዚያው ስም አዲስ ባዶ መዝገብ ይከፍታል። ይኸ ጠባዩ እኔን አላስደሰተኝም። ፈልጌ ባይ፥ በእውነት በአንድ ስም ሁለት ፋይል ነበር፤ አንዱ በእኔ ስፍራ የተፈጠረ፥ መጠኑ ዜሮ፤ ሁለተኛው በ«ዳታቤዝ» ፎልደር ውስጥ ሙሉ ሆኖ የተቀመጠ። ባዶውን ደመሰስሁትና ሙሉውን ከነሙሉ አድራሻው ጠርቼ ከፈትሁት። የአንድ ወር ልፋታችን አንድም መስመር ሳይጐድልበት ወጣ።

አሁን ወደ መጽሐፉ እንመለስ። በልጁ ስም ብፈልግ፥ ደብተሩ ያለውን ነው የደገመልኝ፤ ቍጥር 47 የሆነውን መጽሐፍ ታኅሣሥ 11 ቀን ወስዷል፥ የመመለሻው ቀን ባዶ ነው። ልጁ በረጅሙ ተነፈሰ። እኔ ግን ወዲያው በሰው ስም መፈለጌን ትቼ በመጽሐፉ ቍጥር ፈለግሁ፤ ቍጥር 47ን ማን ማን እንደ ወሰደው በቀን ተራ አሳየኝ አልሁት። ሁለት መስመር ወጣ። የመጀመሪያው የእርሱ ነው። ሁለተኛው፥ ያንኑ ቍጥር 47 መጋቢት 3 ቀን አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ወስዳ ግንቦት 20 ቀን መልሳለች ይላል። መጽሐፉ በእርሱ እጅ ቢሆን ኖሮ በመጋቢት ለሌላ ሰው እንዴት ይሰጣል? አስቀድሞ ካልተመለሰ በቀር አይቻልም። የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ደብተሮች የተለያዩ ስለሆኑ፥ ሁለቱን መስመሮች ጎን ለጎን ያያቸው ሰው አልነበረም።

የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ጠራናቸው። መጥተው መስታወቱን አተኵረው ተመለከቱና፥ «ልጆቼ፥ ይኸ ሣጥን የሚናገረው እናንተ የነገራችሁትን ነው። ደብተሮቹን አምጡልኝ» አሉ። በዚህ ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም ትክክል ነበሩ። ሁለቱን ደብተሮች አምጥተን ገለጥን። መስመሮቹ በየቦታቸው ተገኙ። ቀጥለውም ወደ መደርደሪያው ሄደው መጽሐፉን ራሱን አወጡት፤ ጀርባው ላይ 47 የሚል ቍጥር በቀይ እስክሪፕቶ ተጽፎበታል። ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፥ «ስትመልስ ሳልጽፍልህ ቀርቼ ነው፤ ይቅር በለኝ ልጄ» አሉት። እርሱም ዐንገቱን ደፍቶ «ኧረ ግድ የለም» አለ። ክሊራንሱ እዚያው ተፈረመ።

ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘሁት። ካርዱን በፕላስቲክ ጠቅልሎ በሸሚዙ ውስጥ አድርጎት ነበር። መኪናው ለቀይ አፈር ገበያ በሚሄድ ሰው ተሞልቶ ሲንቀሳቀስ፥ በመስኮት በኩል «ፍየሏን ሰላም እልልሻለሁ!» ብሎ ጮኸ፤ ሰውም ሁሉ ዞሮ አየን።

ከዚያ ወደ ትምህርት ቤት ብመለስ፥ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ዕዳ አለባቸው የተባሉትን የሌሎች ተማሪዎች ስም በወረቀት ጽፈው በኮምፒዩተሩ ክፍል በር ላይ ይጠብቁኛል። «እስቲ እነዚህንም በመጽሐፋቸው ቍጥር ፈልጊልኝ» አሉኝ። መስኮቱን ከፍቼ ሦስተኛው ስም ላይ ስደርስ መብራት ጠፋ፤ ወረቀቱን አጥፌ ደብተሬ ውስጥ አስቀመጥሁትና በማግሥቱ ከቆምንበት ቀጠልን።